አል-አዝሐር፦ ጀበርቲዎች ያደሩበት መስጊድ

ካይሮ ውስጥ ከሁሴን አደባባይ ተነሥቼ በአስፋልቱ ሥር ባለው የእግረኛ መተላለፊያ ብቅ ስል ፊት ለፊቴ የተገተረው አል-አዝሐር በአንድ ሰው ዘመን የተሠራ አይመስልም። ሚናሮቹ (የአዛን ማማዎቹ) ቁመታቸውም መልካቸውም ለየቅል ነው። ቶሎ ዓይን የሚገባው ሱልጣን አል-ጉሪ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያስቆመው ባለ ሁለት አናቱ ሚናራ ነው፤ እኔ ግን በድንጋይ ቅርጹ የሱልጣን ቃይትባይ ሚናራ ይበልጣል ባይ ነኝ።

መሥራቾቹ ፋጢሚዎች ናቸው። የጦር አዛዣቸው ጀውሀር እ.ኤ.አ. በ969 ግብፅን ይዞ ካይሮን ቆረቆረ፤ በዓመቱ የከተማይቱን የጁምዓ መስጊድ አስጀመረ፤ በ972 በረመዳን ወር ሶላት ተሰገደበት። ዛሬ የሱኒዎች ታላቅ የትምህርት ማዕከል የሆነው ቤት በሺዓ ኸሊፋዎች እጅ መታነጹ ይገርማል። ሳላሐዲን ፋጢሚዎችን ጥሎ ሱኒን ሲመልስ የጁምዓውን ሶላት ከዚህ አነሣ። መቶ ዓመት ያህል እንዲያ ከቆየ በኋላ ሱልጣን በይበርስ በ1266 መለሰለት።

ዋናው መግቢያ የፀጉር አስተካካዮች በር ይባላል፤ ደረሶች (የሃይማኖት ተማሪዎች) የሚላጩት እዚያ ነበርና። ያሠራው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሹም ዐብዱረህማን ካትኹዳ ነው። ጫማዬን አውልቄ ዘለቅሁ። በ2018 የተጠናቀቀው እድሳት የግቢውን ነጭ እምነ በረድ እንደ አዲስ አብርቶታል፤ ለእኔ ትንሽ በዝቶበታል። በዙሪያው ያሉት ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ ቅስቶች ግን የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሞገሳቸው አልተነካም።

የቤቱ ምስጢር ያለው መስገጃው አዳራሽ ውስጥ ነው። የእምነ በረድ ዓምዶቹ ከጥንታዊ ሕንፃዎች ተነቅለው የመጡ ናቸው፤ ሠርግ ቤት ከየጎረቤቱ እንደሚሰበሰብ ወንበር አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ግንበኞቹ አጭሩን ከሥሩ ከፍ እያደረጉ ቅስቶቹን አስተካክለዋል። ካትኹዳ አዳራሹን ሲያሰፋ ደግሞ የቂብላውን፣ ማለትም በመካ አቅጣጫ ያለውን፣ ግድግዳ አፍርሶ አቅጣጫውን የሚያሳየውን አሮጌ ጎድጓዳ ቅስት፣ ሚህራቡን፣ ባለበት ተወው። ስለዚህ የፋጢሚዎቹ ሚህራብ ዛሬ ከአዳራሹ መሐል ነው የቆመው፤ ከጀርባው ወለሉ ከፍ ይልና አዲሱ ክፍል ከነሚህራቡ ይቀጥላል። የአሮጌው ሚህራብ የጄሶ ጌጥ ለዘመናት በእንጨት ተሸፍኖ ኖሮ የተገለጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ድሮ ሸሆቹ በየዓምዳቸው ሥር ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር፤ ደረሶች ዙሪያቸውን ይከብባሉ። እዚያው አንድ ዓምድ ተደግፎ የሚያነብ ወጣት አየሁና መልኩ ስለነገረኝ በአማርኛ ሰላም አልኩት። የደሴ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ስለ ጀበርቲዎቹ ሪዋቅ ያውቃሉ?» አለኝ።

ሪዋቅ በየአገሩ ሰው የተከፈለ የደረሶች ማደሪያና መማሪያ ነው፤ የሶርያው፣ የመግሪቡ፣ የቱርኩ ነበረው። ጀበርቲ ለሚባሉት፣ ከዘይላ ወደብና ከኢትዮጵያ ወገን ለሚመጡትም ሪዋቅ አል-ጀበርት ነበራቸው። ደረሳው ማደሪያ ብቻ ሳይሆን የዳቦ ድርሻም ያገኝ ነበር። ወሎ ውስጥ ከሸህ ወደ ሸህ እየዞረ የሚቀራ ደረሳ የት እንደሚያድርና ምን እንደሚበላ ለሚያውቅ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህ ሪዋቅ ሸሆች ቤተሰብ ነው ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረህማን አል-ጀበርቲ የተወለደው። ሰባተኛ አያቱ ከጀበርት ምድር ባሕር ተሻግረው መጥተው እዚህ ተቀመጡ፤ አባቱ ሐሰን አል-ጀበርቲ በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ ነበሩ። በጥቅምት 1798 ካይሮ በናፖሊዮን ጦር ላይ ስታምፅ ፈረንሳዮች አል-አዝሐርን በመድፍ ደበደቡ፤ ከዚያም ከነፈረሳቸው ገቡ። ፈረሶቹን ከቂብላው ማሰራቸውን፣ ቀንዲሎቹን መሰባበራቸውን፣ የደረሶቹን ሣጥን መዝረፋቸውንና መጻሕፍቱን መሬት ላይ መጣላቸውን የመዘገበው ታሪክ ጸሐፊው ልጅ ነው። ይህን ስሰማ ከፊቴ ያለውን ሚህራብ ደግሜ አየሁት።

የደሴው ልጅ እዚህ አያድርም። የውጭ አገር ተማሪዎች መኖሪያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ አባሲያ የተባለው የካይሮ ሰፈር ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ከመስጊዱ ወጥቶ ተስፋፍቷል።

«ታዲያ ለምን ትመጣለህ?» አልኩት።

«ዶርም ውስጥ ጫጫታ ነው» ብሎ ሳቀና ወደ ንባቡ ተመለሰ።