የማኅበራችን የሦስት ዓመት ዕቅድ፦ ስድስተኛ ሳምንት ላይ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ባለፈው ጊዜ የማኅበራችንን ስትራቴጂክ ዕቅድ ራሳችን ልናዘጋጅ መነሳታችንን ነግሬያችሁ ነበር። ለአማካሪ የሚከፈል ገንዘብ የለንም። ድሬዳዋ ውስጥ በክረምት ልጆች የምናስጠና ትንሽ ማኅበር ነን። ይኸው ስድስተኛ ሳምንታችንን ይዘናል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በራዕይና በተልዕኮ አለቁ። አንድ ገጽ የነበረው ራዕያችን አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኗል።

ዕቅዱን የቀየረው ሦስተኛው ሳምንት ነው። ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት እያልን ፍሊፕ ቻርት ላይ ስንጽፍ ዋልን። ከስጋት ሥር አንዱ ጓደኛችን «የወላጆች ግንዛቤ ማነስ» ብሎ ጻፈ። ሁላችንም ተስማማን። ሐምሌ ላይ ጢም ብሎ የሚጀምረው ክፍል ነሐሴ ሲገባ ግማሹ ባዶ ይሆናላ! ይህችን ሐረግ እኔም በሁለት ፕሮፖዛል ላይ ጽፌያታለሁ።

«እስቲ ወላጆቹን እንጠይቃቸው» ያለችው አንዷ አስጠኚያችን ናት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ አሥራ አራት ወላጆች መጡ። ውይይቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ነበር፤ ድሬ ናትና አስተርጓሚ ፍለጋ አልወጣንም፣ እርስ በርስ ተረጎምን። አንዲት እናት ሕፃን ታቅፈው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «እናንተ ያላችሁት ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው። እዚህ ፀሐይ እያለ ላይ ደጋው ደንገጎ ላይ ሲዘንብ፣ ጎርፉ መምጣቱን በምን አውቃለሁ? ልጆቹ ደግሞ ድልድዩ ይርቃቸዋል፣ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ነው የሚያቋርጡት። ነሐሴን አልልክም።»

ቤቱ ጸጥ አለ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ዕድሜው የሚፈቅድለት የድሬ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ተነሥቼ ያቺን መስመር ሰረዝኳት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። «ግንዛቤ ማሳደግ» የሚለው ግብ ከነወርክሾፑና ከነብሮሸሩ ወጣ። በምትኩ ግማሹን ክፍል ልጆቹ ወዳሉበት ማዶ ማዛወር ገባ። አመልካቻችንም ተቀየረ። ድሮ «ስንት ልጅ ተመዘገበ» ነበር፣ አሁን «ነሐሴ ማብቂያ ላይ ስንት ልጅ ክፍል ውስጥ አለ» ነው። መነሻ መረጃ ለማግኘት አዲስ ጥናት አላስፈለገንም፤ የቆዩ የስም መጥሪያ ደብተሮች መደርደሪያ ላይ ነበሩ። እባካችሁ፣ መጠይቅ ከማባዛታችሁ በፊት ደብተራችሁን አገላብጡ።

በጣም የከበደኝ ሥራ መቀነስ ነው። አምስት ፕሮግራም ነበረን፣ ለሁለት ብቻ ነው አቅም ያለን። የዩኒፎርም እደላውን ያስጀመሩት ከመሥራቾቻችን አንዱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ስንወስን ቀና አላሉም። ሻይ ሰዓት ላይ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ልጆቹ ግን እንዳይቀርባቸው» ነው ያሉኝ። ስለዚህ እደላው የሚቆመው የሚረከበን ሌላ ማኅበር ሲገኝ ብቻ እንዲሆን በዕቅዱ ላይ ጻፍን።

በጀቱ ላይ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። በቀድሞው 621/2001 ጣሪያው 30 ነበር። ቁጥሩ ሲያንስ ደንግጠን ነበር፤ አዲሱ አዋጅ ግን የአስተዳደር ወጪ የሚለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘውን ነው። የአስጠኚዎች አበል የፕሮጀክቱ ሥራ ስለሆነ እዚያ አይደመርም። እኛ አንድ ላይ ደምረን ሁለት ቀን ተጨንቀንበታል።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቂቁን ለጠቅላላ ጉባኤ እናቀርባለን። እኒያን እናት ጠርቻቸዋለሁ፣ እመጣለሁ ብለዋል። የቀረን የልጆቹን የንባብ ለውጥ የምንለካበት ቀላል መንገድ ነው። የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ፣ ሰኞ ማታ ቁጭ ብለን እናየዋለን።