የመስከረም ዕቅድ ለምን መስቀልን አይሻገርም?

መስከረም 1 ደብተር ይገዛል፣ ዝርዝር ይጻፋል፦ በጠዋት መነሳት፣ ማንበብ፣ ስፖርት፣ ቁጠባ፣ ቁጣን መተው። ደመራው ሳይለኮስ ግማሹ ይረሳል። የ23 ዓመቱ ወጣትም «እኔ እኮ አልለወጥም» ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ግን በጣም ቸኩሏል፤ ምን ያህል እንደቸኮለም በቀን መቁጠር ይቻላል።

የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 96 ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ነገር መርጠው ለ12 ሳምንት በየቀኑ ሞከሩት። ነገሩ ሳይታሰብ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነበር። ፈጣኑ በ18 ቀን ደረሰ፤ ለዘገየው 254 ቀን እንደሚያስፈልገው በስሌት ተገመተ። በእኛ አቆጣጠር እንየው። መስከረም 1 ለጀመረ ሰው 66ኛው ቀን ኅዳር 6 ይውላል፣ 254ኛው ግንቦት 14። ከሁሉም የፈጠነው እንኳ የደረሰው መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ነው። በዚያው ጥናት ውኃ መጠጣትን የመሰለ ቀላል ነገር ከስፖርት ቶሎ ተለምዷል፤ አንድ ቀን መዝለልም ሂደቱን አላበላሸውም። «ትናንት አልሠራሁም፣ በቃ ተበላሸ» ማለት እንግዲህ መሠረት የለውም።

ስለዚህ ከዝርዝሩ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ፣ እሱም አስቀድሞ በየቀኑ ከምታደርጉት ነገር ጋር ይታሰር። «በየቀኑ አነባለሁ» አይሠራም። «ከምሽቱ 2 ሰዓት አነባለሁ» የሚለውም የታክሲ ሰልፍና የመብራት መጥፋት ያፈርሰዋል። «እራት በልቼ እጄን እንደታጠብኩ 2 ገጽ አነባለሁ» ግን ይቆያል፤ አስታዋሹ ሰዓት ሳይሆን እጅ መታጠቡ ነውና። መጠኑ ደክሟችሁ በገባችሁበት ቀን እንኳ የሚሠራ ይሁን። ብዙ ሰው የሚወድቀው በመጥፎ ቀን ይመስለዋል፤ በእኔ ግምት ግን ጠንቁ ጥሩው ቀን ነው። ሞቅ ሲለው 30 ገጽ ያነባል፣ በነጋታው 2 ገጽ ያሳፍረዋል፣ በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን አይከፍትም። እስከ ኅዳር 6 መጠኑን አትጨምሩ።

ጠባይ ከልማድ ይከብዳል። ሕጉ 18 ዓመት የሞላውን ለአካለ መጠን ደርሷል ይላል፤ ስሜትን የሚገታውና ነገን የሚያሰላው የፊት አንጎል ክፍል ግን እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ገና እየበሰለ ነው። ይህ ለማንም ስድብ ምክንያት አይሆንም፤ መለኪያውን ግን ይለውጣል። ኩርፊያን ውሰዱ። «ከእንግዲህ አልናደድም» የሚል ቃል መጀመሪያ ታክሲ ላይ ይፈርሳል። ከዚያ ይልቅ ያኮረፋችሁበትን ቀን፣ የታረቃችሁበትን ቀንና ማን ቀድሞ እንደተናገረ በስልካችሁ ጻፉ። ዐምና 2 ሳምንት የቆየው ዘንድሮ በ4 ቀን ካለቀ አድጋችኋል፣ ንዴቱ ባይቀርም። ቀድሞ ለመናገር ደግሞ ወዲያው ይቅርታ መጠየቅ የግድ አይደለም፤ «ቡና ተፈልቷል፣ ነይ» በቂ መክፈቻ ነው። ይቅርታው ሲኒው ከተቀመጠ በኋላ ይደርሳል። በንዴት የተጻፈ የቴሌግራም መልእክት ግን እስኪነጋ ይደር።

ገንዘብ ላይ ትዕግሥትን የሚያስተምር ዕቁብን የመሰለ ነገር የለም፣ መጠኑ በልክ ከተመረጠ። 10 ሰው በወር 2,000 ብር ቢጥል ተረኛው 20,000 ይወስዳል። ስህተቱ መጠኑን ገቢ በበዛበት ወር መወሰን ነው፤ ባነሰበት ወር ወስኑ። ሁለተኛው ስህተት የመጀመሪያውን ዕጣ አግኝቶ በስልክና በልብስ መጨረስ ነው። የቀሩት 9 ወሮች ቁጠባ መሆናቸው ይቀርና ዕዳ ይሆናሉ፤ ወጣቱም «ቁጠባ አይሆንልኝም» ይላል። የኋላ ዕጣ ለጀማሪ ይሻላል፤ እርግጥ የዋጋ ንረቱ ይበላዋል፣ ዳኛውና ዋሱ ካልጠነከሩም ቀድሞ የወሰደው ሊጠፋ ይችላል። ከማታውቁት ሰው ጋር አትጀምሩ።

ስለ ሥራ ባጭሩ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚፈቅደው የሙከራ ጊዜ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት። ይህ ለቦታው መስማማታችሁ የሚታይበት እንጂ ሙያው የሚጨረስበት ጊዜ አይደለም። አብሯችሁ የተመረቀው ልጅ በፌስቡክ የለጠፈው ሹመት የእናንተን 10 ሳምንት አይለካም።

ግምገማውን ለጳጉሜን አስቀምጡት፤ 5 ወይም 6 ቀን ይበቃዋል። በየሳምንቱ ራስን መመርመር የዘራውን ቆፍሮ እንደሚያይ ገበሬ ያደርጋል። በጳጉሜን ዓመቱን ሙሉ የጻፋችሁትን አውጡና ኩርፊያው ስንት ቀን እንደቆየ፣ ዕቁቡ መቋረጥ አለመቋረጡን፣ የትኛው ልማድ ያለ አስታዋሽ እንደሚሠራ ብቻ እዩ።

ትዕግሥት የማይመከርበት ሁኔታም አለ። ከ2 ሳምንት በላይ በየቀኑ ሐዘን የተጫነው፣ እንቅልፍና ምግብ የተዛባበት፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ያስጠላው ሰው «ሳድግ ይለቀኛል» እያለ አይጠብቅ፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣበት ግን 2 ሳምንቱንም አይቁጠር፤ ያንኑ ቀን ለሚያምነው ሰው ይንገርና አብረው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።