ሜዱሳን ከምንጩ ፍለጋ

ስለ ጥንታዊት ግሪክ አማልክትና ጀግኖች በኢንተርኔት ማጥናት የሚሻ ሰው የሚቸገረው ጽሑፍ በማጣት ሳይሆን፣ ያነበበውን ታሪክ ማን፣ በየትኛው ዘመን እንደጻፈው የሚነግረው በማጣቱ ነው። ፀጉሯ እባብ የሆነውን ጭራቅ ሜዱሳን እንውሰድ። በየገጹ የምናገኘው ትረካ ውብ ልጃገረድ እንደነበረችና እንስት አምላኳ አቴና ተቆጥታ ፀጉሯን እባብ እንዳደረገችባት ይናገራል። ይህ ግን እ.ኤ.አ. በ8 ዓ.ም. ገደማ የጻፈው የሮማዊው ባለቅኔ የኦቪድ ትረካ ነው። ከእርሱ 700 ዓመት ያህል በቀደመው በግሪካዊው ባለቅኔ በሄሲዮድ ዘንድ ሜዱሳ ጎርጎን ከሚባሉት ሦስት አስፈሪ እኅትማማቾች አንዷ ሆና የተወለደች፣ ከእኅቶቿም ሟች በመሆኗ የምትለይ ፍጡር ስትሆን፣ ስለ ቅጣት አንድም ቃል አልተነገረም።

ይህን ለማጣራት ፍለጋዬን የምጀምረው ቴዎይ ከተሰኘው ድረ ገጽ ነው፤ በእያንዳንዱ አምላክና ጭራቅ ስም ሥር የጥንት ደራስያንን ቃል ከነመጽሐፉና ከነቁጥሩ ደርድሮ ያቀርባልና። ገጹ የራሱን ማጠቃለያ በመግቢያው ላይ ቢያስቀምጥም፣ እኔ እርሱን አልፌ በቀጥታ ወደ ጥቅሶቹ እወርዳለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተጀምሮ አሁን በአሜሪካው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ፐርሲየስ ዲጂታል ላይብረሪ ነው። የሄሲዮድን «ቴዎጎኒ» የተሰኘ ግጥም ከ270ኛው ስንኝ ጀምሮ ከፍቶ አንዱን የግሪክ ቃል የተጫነ አንባቢ የቃሉን መነሻ፣ ሰዋስዋዊ ቅርጹንና የመዝገበ ቃላት ፍቺውን ያገኛል። አሠራሩ ያረጀና አንዳንዴም የሚንቀራፈፍ ቢሆንም፣ ግሪክኛ ለጀመረ ሰው ይህን የመሰለ ነጻ መሣሪያ ጥቂት ነው።

ጽሑፍ ብቻውን ግን ያሳስታል። በኦክስፎርድ የሚገኘው የቢዝሊ ማኅደር በሥዕል ያጌጡ የግሪክ ሸክላ ዕቃዎችን መዝግቦ ይዟል፤ በጥንቶቹ ላይ ጎርጎን ምላሷን ያወጣች፣ ጥርሷ ያገጠጠ አስፈሪ ፊት ናት። በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ድረ ገጽ ላይ በምትታየውና ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ450 እስከ 440 ባለው ጊዜ በተሠራችው ማሰሮ ላይ ግን ጀግናው ፐርሲየስ አንገቷን የሚቀላት ሜዱሳ መልከ መልካም ሆና ተኝታለች። ባለቅኔው ፒንዳርም ከዚያ ቀደም ብሎ ጉንጨ ውብ ብሏታል። ስለዚህ ውበቷን ኦቪድ ፈጠረው የሚለው የተለመደ እርማት ራሱ እርማት ያሻዋል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ በነጻ የሚገኙት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች አብዛኞቹ የቅጂ መብታቸው ያለፈ፣ ቋንቋቸውም የከበደ ነው። አዳዲሶቹን የያዘው የሎብ ክላሲካል ላይብረሪ ዲጂታል ስብስብ በክፍያ የሚከፈት ስለሆነ፣ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አባል የሆነ ሰው ከመክፈሉ በፊት ተቋሙ ደንበኛ መሆኑን ቢጠይቅ ይበጀዋል።