አዲስ ኃላፊ አሠራር ሲለውጥ፦ አሮጌው ቅጽ መቼ ይዘጋ?

አዲስ ኃላፊ ሆኜ ስገባ ከመዋቅሩ በፊት አንድ የሥራ ጥያቄ ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ ተጠናቆ እስኪወጣ እከተላለሁ። በየጠረጴዛው ስንት ደቂቃ እንደተሠራበት፣ ስንት ቀን እንደተኛ እጽፋለሁ። አምስት ስድስት ጥያቄ ሲመዘገብ መዘግየቱ የት እንዳለ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ፊርማ ጥበቃ ላይ ነው።

ጎን ለጎን እያንዳንዱን ሠራተኛ ለብቻው ግማሽ ሰዓት አነጋግራለሁ። «ምን ይለወጥ?» ማለት የምኞት ዝርዝር ብቻ ያመጣል። «ሁለት ጊዜ የምትጽፉት ምንድን ነው? ከዚህ በፊት ምን ተሞክሮ ቀረ? ለምን?» የሚሉት ይሻላሉ። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ሳይኖረኝ ምንም አልጀምርም።

ከዚያ አንድ ለውጥ ብቻ እመርጣለሁ፤ የሚነድፉትም ሥራውን የሚሠሩት ናቸው። ይህን ለጨዋነት ብዬ አላደርገውም። ኮክና ፍሬንች የተባሉ ሁለት አጥኚዎች በአሜሪካ ቨርጂኒያ በአንድ የፒጃማ ፋብሪካ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተሙት ውጤት፣ ሳይሳተፉበት ለውጡ ከተነገራቸው ሠራተኞች 17 ከመቶው በ40 ቀን ውስጥ ሥራ ለቀቁ። በሙሉ ተሳትፎ ከነደፉት ቡድኖች የለቀቀ አልነበረም፤ ምርታቸውም ከቀድሞው በለጠ።

ሙከራው በአንድ ቡድን፣ ለአራት ሳምንት ይሁን። የመነሻው ልኬት አስቀድሞ ይወሰድ፤ በኋላ «ተሻሽሏል» «አልተሻሻለም» የሚለውን ክርክር የሚዘጋው እሱ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ተሠርቶ የሚያልቀው ሥራ ስለሚቀንስ የቡድኑን ኮታ ዝቅ አደርጋለሁ። ኮታው ካልቀነሰ ሰው ሥራውን ለማድረስ ወደለመደው መንገድ ይመለሳል፤ እንቢተኝነት የሚባለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። የቡድን መሪዎች ከሁሉ ቀድመው ሊሰሙ ይገባል፤ ከሠራተኞቻቸው ጋር እኩል የሰሙ መሪዎች ጥያቄ ሲመጣባቸው መልስ ያጣሉ።

ብዙ ለውጥ የሚሞተው ግን አሮጌውና አዲሱ ቅጽ አብረው ሲሄዱ ነው። ሠራተኛው ሁለቱንም ይሞላል፤ ሥራው እጥፍ ይሆናል፤ ሲጨናነቅ የሚተወው አዲሱን ነው። ስለዚህ አሮጌው ቅጽ የሚዘጋበትን ቀን ሙከራው ሲጀመር አሳውቃለሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ በአሮጌው የመጣ ጥያቄ አይመዘገብም። ይህን የምለው ግን የበላይ አለቃዬም በአሮጌው ሪፖርት እንደማይጠይቀኝ አስቀድሞ ከተስማማ ብቻ ነው።

ከተዘጋ በኋላ አንድ ሰው በግሉ ኤክሴል ሲመዘግብ ከተገኘ አልከለክለውም፤ ፋይሉን አብረን እንከፍታለን። አዲሱ ቅጽ ላይ የሌለ ዓምድ እዚያ አለ፤ ብዙ ጊዜ ቀጠሮ ወይም ቀሪ ሰነድ ነው። ዓምዱ በዚያው ሳምንት ቅጹ ላይ ይጨመራል።