የሕመም ፈቃድ ብዬ የመዘገብኩት እጅ

በ2013 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ፐርሶኔል ክፍል እሠራ ነበር። ግንቦት መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ የማሽኑ ድምፅ በድንገት ጸጥ አለ። ዱቄት ፋብሪካ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ የሚያስደነግጠው ጩኸቱ ሳይሆን ዝምታው ነው። ሮጬ ስደርስ ኦፕሬተሩ ቀኝ እጁን በጆንያ ጨርቅ ጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። የማጓጓዣው ሰንሰለት ከለላ ለጽዳት ተፈትቶ ሳይመለስ ቀርቷል። ልጁ የተጠራቀመ ዱቄት ሊጠርግ እጁን ሲሰድ ሰንሰለቱ ጓንቱን ያዘበት። ጓንት ያድናል ብለን እናስባለን፤ በሚሽከረከር ነገር አጠገብ ግን ጓንት እጅን ይዞ ይገባል።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድነው። ሌባ ጣቱንና የመሃል ጣቱን አጣ።

ከሁለት ቀን በኋላ እናቱ የሐኪም ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቱ ላይ «የእጅ ጉዳት፣ የ30 ቀን ዕረፍት» ይላል። ጉዳቱ የት እንደደረሰ የሚናገር አንድም ቃል የለበትም። እኔም የማውቀውን ቅጽ አወጣሁና የሕመም ፈቃድ ብዬ መዘገብኩት። የአደጋ መመዝገቢያ ደብተር ነበረን፤ መሳቢያ ውስጥ። የፈረቃ ኃላፊው ይሞላዋል አልኩ፤ እሱ ደግሞ ፐርሶኔል ይሞላዋል ብሎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «እጁን የሰደደው ራሱ ነው፤ መርቅኖም ይሆናል» ሲል አጠገቡ ቆሜ ዝም አልኩ። በዚያ ሰዓት የአወዳይ ጫት ገና ከተማ እንኳን አልገባም ነበር፤ ይህን ማለት ይገባኝ ነበር።

የግንቦት ደሞዝ ሙሉ ወጣ። የሰኔው በግማሽ መጣ። የሰኔ ፔሮል በተከፈለ ማግስት እናቲቱ በዚያ ሙቀት ከገንደ ቆሬ በእግራቸው መጡ። ውሃ ሰጥቻቸው ትንሽ ካረፉ በኋላ፣
«ልጄ፣ ደሞዙ ለምን ተቆረጠ?» አሉኝ።
«እማማ፣ በሕመም ፈቃድ ላይ ስለሆነ ነው። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ግማሽ ነው የሚከፈለው።»
«እሱ መቼ ታመመ? የቆረጠው የእናንተ ማሽን አይደለም ወይ?»

የምመልሰው አጣሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ዘረጋሁ። ሕጉ የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ውጭ ለሆነ ሕመም እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። በሥራ ላይ የተጎዳ ግን ለጊዜው መሥራት እስካልቻለ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ሕክምናውም በአሠሪው ወጪ ነው፤ ሰው ሠራሽ አካል የሚያስፈልገው ከሆነም እሱን ይጨምራል።

የልጁ ደሞዝ 4,000 ብር ነበር። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። በእኔ ቅጽ ከሄደ በስድስት ወር ውስጥ የሚያገኘው 8,000 ብር ነው። በትክክለኛው መንገድ 21,000። የ13,000 ብሩ ልዩነት የመጣው ከእኔ ብዕር ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠዋት ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሄድኩ። ጋሼ ዕድሜያቸውን እዚያው የጨረሱ መካኒክ ናቸው። «መጀመሪያ ደብተሩን ሙላ፣ ከዚያ ሆስፒታል ደብዳቤ ጻፍ» አሉኝና አብረን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባን። እሱ አሁንም የልጁን ጥፋት አነሳ። ጋሼ ድምፃቸውን ሳያሰሙ፣ አሠሪ ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ነገሩት። ከዚህ ኃላፊነት ነፃ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው፤ አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ እያወቀ መጣስ፣ ወይም ሰውነቱንና አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባት እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። «ከለላው የተፈታው በማን ትእዛዝ ነው?» ብለው ሲጠይቁት ሥራ አስኪያጁ ዝም አለ።

የሰኔው ቀሪ 2,000 ብር በሐምሌ ተከፈለ። ሆስፒታሉም በደብዳቤያችን መሠረት «በሥራ ላይ የደረሰ» የሚለውን ጨምሮ ወረቀቱን በድጋሚ ጻፈ። ያቺ ሐረግ ባትኖር ኖሮ በኋላ የሕክምና ቦርድ ፊት ሲቀርብ ምን ይዞ ይቀርብ ነበር? ቦርዱ ነው ጉዳቱን በመቶኛ የሚወስነው። ልጁ ከደሞዙ እሱ 7 በመቶ፣ ድርጅቱ 11 በመቶ የሚያዋጡለት የጡረታ ባለመብት ስለነበር፣ የጉዳቱ ዳረጎት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የተሰላው በዚያ ቦርዱ በወሰነው መቶኛ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጫኝና አውራጆቹ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። «የቀን ሠራተኛ ነኝ፣ እኔን አይመለከተኝም» ይላሉ። ይመለከታቸዋል። የጡረታ ሽፋን ለሌለው ሠራተኛ አሠሪው ራሱ ካሣ ይከፍላል፤ ጨርሶ መሥራት የማያስችል ዘላቂ ጉዳት ከሆነ የዓመት ደሞዙን አምስት እጥፍ፣ ከፊል ከሆነ እንደ ጉዳቱ መጠን። ግን ከሥራ ግንኙነት የሚነሳ ክስ በአብዛኛው በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስንቱ ቁስሉ እስኪድን ብሎ ቤቱ ተቀምጦ ዓመቱን እንደሚያሳልፍ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ልጁ ጥቅምት ላይ ተመለሰ። ሚዛን ላይ መደብነው፤ የጆንያ ክብደት በግራ እጁ ይመዘግባል። በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮዬ መጥቶ የአደጋውን ደብተር ሊያይ ጠየቀኝ። ሁለት ወር ዘግይቼ የሞላሁትን ገጽ ከፍቼ ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነበበና፣
«ከለላው አልነበረም የሚለው የታለ?» አለኝ።

አልጻፍኩትም ነበር። «በማጽዳት ላይ እያለ» ብዬ ብቻ አልፌዋለሁ። ብዕሬን አነሳሁና ከሥሩ ጨመርኩ፦ የሰንሰለቱ ከለላ ተፈትቶ ነበር፣ ማሽኑም አልቆመም። ቀኑን አስገብቼ ፈረምኩ። እሱም ደብተሩን ወደ ራሱ ስቦ በግራ እጁ ፈረመበት።