ጀበና ዓይን የላትም

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አመሸ። መብራት የለም። ዛሬ ለስዕል ክፍል የማቀርበው የቤት ሥራ ደግሞ አለብኝ፤ ጀበና። አዎ፣ የቤት ሥራ። በዚህ ዕድሜዬ።

(ስዕል መማር ጀምሬያለሁ። ስነግራችሁ መሳቃችሁንም አልረሳሁም።)

መምህራችን ልጅ እግር ነው። «ማዘር» ይለኛል፤ አልወደውም፣ ግን ምን ይደረጋል። ባለፈው ቅዳሜ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ማዘር፣ እርስዎ የሳሉት ጀበናዋን አይደለም፣ ስሟን ነው» አለኝ። ተናደድኩ። ቤት ስገባ ግን ትምህርት ቤት ሳለን ሁላችንም የምንስለው ያ ስዕል ትዝ አለኝ። ሁለት ተራራ፣ በመሃላቸው ፀሐይ፣ ከታች የሳር ክዳን ቤት። እኔ ተወልጄ ባደግኩበት ሰፈር ፀሐይ የምትወጣው ከጎረቤታችን ውሃ ታንከር ጀርባ ነበር። ግን አስር ከአስር አገኝበታለሁ።

ለዚህ ስም የመሳል በሽታ መምህሩ ያዘዘልን መድኃኒት ዳሰሳ ነው። መጀመሪያ ዓይን ተጨፍኖ ዕቃው ይዳሰሳል፣ ይንኳኳል፣ ይሸተታል። መላሱን እስካሁን አላዘዘብንም። ከዚያ ዓይን ዕቃው ላይ፣ እጅ ወረቀት ላይ። ወረቀቱን ማየት ክልክል ነው። አንዲት ጉንዳን በጀበናዋ ጠርዝ ላይ ስትሄድ እያሰቡ፣ እርሳሱን በጉንዳኗ ፍጥነት መንዳት ነው።

መብራት ከሌለ ዓይን መጨፈን ለምኔ። ጀበናዋን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት።

ሆዷ ልስልስ ያለ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እሳት የበላው ጎኗ ይሻክራል። አንገቷ ከሆዷ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ትንሽ ስርጉድ አለ፤ የሠሪዋ አውራ ጣት መሆን አለበት። የእኔም ልክ ገጠመበት። ስንት ዓመት ቡና አፍልቼባታለሁ፣ አንድ ቀን አላየሁትም። በጥፍሬ መታ ሳደርጋት ሆዷ ወፍራም ድምፅ አወጣ፣ አንገቷ ቀጭን። አፏ የትናንት ቡና ይሸታል፣ ትንሽም ጭስ።

ሆድ፣ አንገት፣ ጆሮ፣ አፍ። አማርኛችን ለጀበና ያልሰጣት የአካል ክፍል ዓይን ብቻ ነው ማለት ነው?

እርሳሱንም አሸተትኩት። አንደኛ ክፍል ይሸታል። ስሙ እርሳስ ይባል እንጂ ውስጡ እርሳስ የለበትም፤ ግራፋይትና ሸክላ ነው። ኮንቴ የሚባል ፈረንሳዊ በ1795 እ.ኤ.አ. ሁለቱን አዋህዶ በእሳት መተኮሱን አሳየ። ሸክላው ሲበዛ ይጠነክራል፣ ሲያንስ ይለሰልስና ይጠቁራል፤ የእኔ 6ቢ የሚባለው ለስላሳ እርሳስ ለዚህ ነው እጄን ከሰል ነጋዴ የሚያስመስለው። ለካ ሸክላን በሸክላ ነው የምስለው። ይህችን ለመምህሩ ጣል አድርጌ ላስደንቀው ነው።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ እምዬ፣ አያቴ።

እምዬ ዓይኗን ሞራ ከሸፈነው በኋላ ቡና የምትቀዳው በጆሮዋ ነበር። ስኒ ሲሞላ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጥና ልክ ጫፍ ሲደርስ ቀና ታደርገዋለች። ጠብ አይልም። ረከቦቱን የምናጥለቀልቀው እኛ ዓይናሞቹ ነን። ጓዳ ሆና፣ «ቁዪው አልኩሽ እንጂ አሳርሪው አላልኩሽም!» ትለኛለች፤ ምጣዱ ጋ ተቀምጬ ቡናውን የማየው እኔ ነኝ።

እሷን ልስላት እፈልጋለሁ። ለማንም አልነገርኩም፣ ስዕል የተመዘገብኩት ለዚህ ነው። የፀጉሯ ቅቤና አደስ አሁንም ይሸተኛል። የመዳፏ ስንጥቅ ሹራቤን ሲይዘው ይሰማኛል። ከመናገሯ በፊት የምትስላት ትንሽ ሳልም አለች። ፊቷን ስፈልግ ግን ፎቶው ይመጣብኛል። ግድግዳ ላይ ያለው፣ ከመታወቂያዋ ተወስዶ እንዲተልቅ የተደረገው። ፍላሹ አስደንግጧት ዓይኗ ፈጥጧል። እምዬ ደግሞ ደንግጣ አታውቅም። አፍንጫዬ፣ እጄ፣ ጆሮዬ የየድርሻቸውን አስቀርተዋል። ስንት ዓመት ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ዓይኔ ምን ሲሠራ ነበር?

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ደጉን ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ይስሉታል። ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይን። እምዬ በዚህ ሕግ ፊት ለፊት ናት፣ ክርክር የለውም። ግን የትኞቹን ዓይኖች ልስጣት? የፎቶውን? ሞራ የሸፈናቸውን? ወይስ እኔ ከመወለዴ በፊት የነበሯትን፣ አይቻቸው የማላውቃቸውን? ወይ ደግሞ ዘንበል ያለውን አንገቷንና ጆሮዋን ብቻ ልሳል? እናቴ ብታየው «ምነው፣ የእናቴን ዓይን ምን በላው?» ትለኛለች። ምን እመልስላታለሁ?

እንዲህ ስል ነጋ። መብራት መጣ። በጨለማ የሳልኩትን ለማየት ሮጥኩ። ሆዷ እውነትም ሆድ ሆኗል፣ አንገቷም አይከፋም። ጆሮዋ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ስፈልገው የጠረጴዛ ልብሱ ላይ አገኘሁት። ነጩ፣ የበዓሉ።

6ቢ በሳሙና ይለቃል?