የጋሼ ባትሪና እኔ የመረጥሁት አምፖል

በሆለታ አካባቢ በሚገኝ አንድ የአበባ እርሻ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ በነበርሁበት ጊዜ፣ የሌሊት ጥበቃው ኃላፊ ሦስት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርስ፣ ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አሮጌ የአሉሚኒየም ባትሪ ነበራቸው። ጋሼ (ሁላችንም የምንጠራቸው በዚሁ ነበር) በባትሪው ላይ ያላቸው ቅሬታ አንድ ብቻ ነው፤ ድንጋይ ይበላል። የግዢ ጥያቄው በእኔ በኩል ስለሚያልፍ ነገሩ እኔንም አሰልችቶኝ ነበርና፣ በአሮጌው አምፖል ፋንታ የሚገባ የኤልኢዲ አምፖል ልገዛላቸው ተነሣሁ። መርካቶ ሄጄ የመረጥሁበትን መንገድ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ መቀመጫው ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን አየሁ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሉመን (የብርሃን መጠን) ቁጥር አየሁ፣ ትልቁን አነሣሁ። ቢሮ ውስጥ ግድግዳ ላይ ስናበራው ክፍሉ ቀን መሰለ፤ ጋሼም መረቁኝ።

በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት፣ 8 ሰዓት ግድም፣ ዝናቡ እየወረደ ሳለ የግቢው መብራት ከፊሉ ደበዘዘ፣ ከፊሉ እንደወትሮው በራ፤ የማቀዝቀዣ ክፍሉ ኮምፕረሰሮችም፣ ከሦስቱ የኃይል ሽቦዎች (ፌዞች) አንዱ ሲጠፋ በሚያቆማቸው መቆጣጠሪያ አማካይነት ቆሙ። ለሙያው ሰው ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ከ15 ኪሎ ቮልቱ መስመር አንዱ ፌዝ ጠፍቷል። ጄኔሬተሩን አስነሥቼ ጽጌረዳውን ከሙቀት ካዳንሁ በኋላ የቀረኝ፣ ትራንስፎርመሩ ምሰሶ ላይ ካሉት ሦስት ፊውዞች አንዱ ወድቆ እንደሆነ ማረጋገጥ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ፊውዝ ሲቀልጥ ቱቦው ከላይ ተፈትቶ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል፣ ምሰሶ መውጣት ሳያስፈልግ ከመሬት ሆኖ በባትሪ ማየት ይቻላል። ለመብራት ኃይል የጥገና ቡድን በስልክ የምንነግረውም በዚሁ ይለያያል፤ ሦስቱም በቦታቸው ካሉ ችግሩ ከእኛ በላይ ባለው መስመር ላይ ነው። ምሰሶው ግን ከቦዩ ማዶ ነው፤ ቦዩ ሞልቶ ስለነበር ከ60 ሜትር ወዲያ መቅረብ አልቻልንም።

ጋሼ አበሩ። ከፊታችን ያለው የዝናብ ጠብታ ሁሉ ነጭ ሆኖ ዓይናችን ላይ አንጸባረቀ፤ ጫማችን፣ ሣሩ፣ የቦዩ ውኃ ወለል ብለው ታዩ፤ ምሰሶው የለም። የባትሪውን ራስ ወዲህም ወዲያም ቢያዞሩት የሚወጣው መሐሉ የጠቆረ ሰፊ ክብ ብቻ ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶም ብርሃኑ ራሱ መድከም ጀመረ። «ልጄ፣ ይኼ ለቤት ነው እንጂ ለሜዳ አልተሠራም» አሉና የኋላውን ክዳን ፈቱ። ከሞላው መሐል አንዲት ትንሽ መለዋወጫ አምፖል አወጡ፤ እኔ ያንን ክዳን ስንት ጊዜ ስፈታ አላየኋትም። ካፖርታቸውን ከለላ አድርገው በዳበሳ ቀየሩና እንደገና አበሩ። ቢጫና ቀጭን ጨረር ዝናቡን ሰንጥቆ ምሰሶው አናት ላይ አረፈ፤ የመሐለኛው ቱቦ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

በማግሥቱ ሁለቱን አምፖሎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቆምኋቸው። የአሮጌው ክር ከመቀመጫው ቀለበት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ አንጸባራቂው የተሠራው እዚያች ነጥብ ላይ ላለ፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ለሚበራ ብርሃን ነው። የእኔው ኤልኢዲ ከዚያ በላይ የወጣ፣ ብርሃኑንም ወደ ፊት ብቻ የሚረጭ ስለነበር፣ አንጸባራቂው ሰብስቦ የሚልከው ብዙ ነገር አልነበረውም። ሉመን የሚወጣውን ብርሃን ድምር ነው የሚነግረን፤ ርቀትን የሚወስነው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄደው ጥንካሬ፣ ማለትም ካንዴላ ነው። አምራቾች የሚጽፉት ርቀት ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው) የሚወርድበት ስለሆነ 900 ካንዴላ 60 ሜትር፣ 10,000 ካንዴላ ደግሞ 200 ሜትር ይባላል። ይህ 0.25 ሉክስ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል ነው፤ በጨረቃ ብርሃን ደግሞ የፊውዝ ቱቦ አይመረመርም። መድከሙ የመጣው ከሙቀት ነበር፤ ለክር አምፖል በተሠራ ጠባብ መቀመጫ ውስጥ የኤልኢዲው ሙቀት ወደ ባትሪው አካል የሚያልፍበት መንገድ የለውም።

ሁለተኛውን ስገዛ አሮጌውን አምፖልና ማስመሪያ ይዤ ሄድሁ። ባለ አንድ ቺፕ (ብርሃን የሚያወጣው ቁራጭ)፣ የቺፑ ከፍታ ከክሩ ጋር የሚቀራረብ፣ የቮልት ክልሉ የሦስት አዲስ ድንጋይ 4.5 ቮልትንም የደከመ ድንጋይ 3 ቮልትንም የሚያካትት፣ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ከሚያደላው 6,500 ኬልቪን ይልቅ 4,000 የሆነውን መረጥሁ። ሉመኑ ከመጀመሪያው ግማሽ አይሞላም፤ ሻጩም ለምን ደካማውን እንደፈለግሁ አልገባውም። (ድንጋዩ ተገልብጦ ሲገባ የክር አምፖል ይበራል፣ ኤልኢዲ ግን አይበራም፤ ተረኛው ጥበቃ በዚሁ ምክንያት አንድ ቀን «ተቃጠለ» ብሎ አምጥቶልኛል።)

ይህን የሞከርነው ሲመሽ ከቦዩ ዳር ሆነን ነው። ጋሼ ሦስቱን ቱቦዎች ከግራ ወደ ቀኝ ቆጥረው «ይኼ ይሆናል» አሉ። አሮጌዋን አምፖል ለግምጃ ቤት እንድመልስ ስጠይቃቸው ግን ክዳኑን አጥብቀው ዘግተውት ነበር።